ከደጁ አልጋ የተነሳው እንግዳ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። የማመሰግነው ሰው የት እንዳለ ስለማላውቅ፣ እናንተ አንባቢዎች እንድትሰሙልኝ ፈለግሁ። ብዙ ማውራት አልችልበትም። የሆነውን ብቻ እነግራችኋለሁ።

ስሜ ዘሃራ ነው፤ የወሎ ልጅ ነኝ። ካርቱም የገባሁት በወጣትነቴ ነው። ያገባሁትም እዚሁ ነው፤ ባለቤቴ ሱዳናዊ ነበር። ታሞ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። አንዲት ሴት ልጅና ዴም የተባለው ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ቤት ትቶልኝ ሄደ።

በዚያ ቤት እንግዳ አሳድር ነበር። እንግዶቼ ከአገር ቤት ወጥተው ወደ ሌላ አገር የሚያልፉ፣ እስኪያልፉ ድረስ በቀን ሥራ የሚውሉ የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ። ለእነሱ የሚሆን ሁለት ክፍል ነበረኝ። አንደኛው ከግቢው በር አጠገብ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ አንገረብ ብቻ ይይዛል። አንገረብ ሱዳኖች በገመድ የሚሠሩት አልጋ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ወጥተው የሚገቡበት ሰፊ ክፍል ነው፤ እሱ አምስት አንገረብ አለው። ሰው ሲበዛ በአንድ አልጋ ሁለት ይተኛሉ፣ የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል ሆኖ።

ልጄ ኢክራም ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ትጠብቅ ነበር። አማርኛዋ ከኔ የሰማችው ብቻ ስለሆነ ግማሹ ዐረብኛ ነው። ከትምህርት ሁሉ ኬሚስትሪ ትወዳለች። መምህሯ ለእናታችሁ ማስረዳት የቻላችሁትን ነገር በደንብ አውቃችሁታል ብላቸው ነበር። ስለዚህ ልብስ ሳጥብም፣ ሽንኩርት ስከትፍም አጠገቤ ተቀምጣ ታስተምረኛለች። እኔ ብዙ አልተማርኩም። ግን በልጅነቴ ቁርኣን በቃሌ ስለቀራሁ ጆሮዬ የሰማውን አይጥልም።

አንድ ቀን ከዓስር ሰላት በኋላ መጥታ፣ "ዩማ፣ ኤሌክትሮን ማለት ያኒ የኛ ቤት እንግዳ ነው" አለችኝ። ዩማ የምትለው እናቴ ለማለት ነው።

ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ቤት ነው። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ስንሄድ አንድ እንግዳ ይጨመራል። ከፖታሲየም እስከ ዚንክ ያሉት ደግሞ ቁርጥ የኛን ቤት ናቸው። ቀድመው የመጡት በየጓዳው ተኝተዋል፤ እነሱን አትቀስቅሻቸው አለችኝ። አዲስ የሚመጡትን የሚያስተናግዱት ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው፦ ባለ አንድ አልጋው የደጁ ክፍልና ባለ አምስት አልጋው የውስጡ ክፍል። መጀመሪያ የሚሞላው የደጁ ነው። ለምን ብላት፣ "ደረጃ የለውማ፤ የደከመው ሰው መጀመሪያ ያገኘው ላይ ይወድቃል" አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ የኔም እንግዶች እንደዚያው ናቸው። የደጁ አልጋ ሁለት ሰው ከያዘ በኋላ ቀጣዩ ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያም ባዶ አልጋ እያለ ማንም አይዳበልም። አምስቱም አልጋዎች አንድ አንድ ሰው ሲይዙ ነው መዳበል የሚጀመረው። ስንት ዓመት በዓይኔ ያየሁት ነገር ስለሆነ ቶሎ ያዝኩት። ስካንዲየም፣ ከደጅ ሁለት፣ ከውስጥ አንድ። ቲታኒየም፣ ከደጅ ሁለት፣ ከውስጥ ሁለት። ቫናዲየም፣ ከደጅ ሁለት፣ ከውስጥ ሦስት። ክሮሚየም ላይ ስደርስ ከደጅ ሁለት፣ ከውስጥ አራት አልኩ።

"ላ፣ ዩማ" አለች እየሳቀች። "ከደጅ አንድ፣ ከውስጥ አምስት።"

ክሮሚየም ከደንቡ የወጣ ነው አለችኝ። በደጁ አልጋ ከተዳበሉት አንዱ ይነሳና ወደ ውስጥ ይገባል፤ ባዶ በነበረው አምስተኛ አልጋ ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ ሁሉም የየራሱን አልጋ ያገኛል፣ ቤቱም ያርፋል።

እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ያደግሁበት ቤት እንግዳ አንዴ ጎኑን ካሳረፈ አይነሳም። የገዛ ወንድሜ ከአገር ሲመጣ መሬት ላይ አነጠፍኩለት እንጂ የተኛ እንግዳ አላስነሳሁም።

"ማነው ያስነሳው?" አልኳት።

"ማንም።"

"ማንም ካላስነሳው ለምን ይነሳል?"

"ራሱ ነው የሚነሳው። ለቤቱ ይሻላል።"

መዳብ ላይም እንዲሁ ነው። በደንቡ ከሄድን ከደጅ ሁለት፣ ከውስጥ ዘጠኝ መሆን ነበረበት። ግን ከደጁ አንዱ ይነሳና ብቻውን ከተኛው ጋር ይዳበላል፤ የውስጡ አሥር ሆኖ ይሞላል። ለክሮሚየም ብሎ ለመለያየት ይነሳል፣ ለመዳብ ብሎ ለመዳበል ይነሳል፤ ምን ፈልጎ ነው ብላት እስኪያንቃት ሳቀች። ደጋግማ ብትነግረኝም ክሮሚየምና መዳብ ላይ ስደርስ አፌ ወደ ደንቡ ይሄድብኛል። እንግዳ ማስነሳት ከአፌ አይወጣም።

ያን ጊዜ በደጁ አልጋ የሚያድረው ጌታሁን የሚባል ልጅ ነበር። ከቆቦ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠ፣ ቀን ቀን ሲሚንቶ የሚሸከም ልጅ ነው። ትምህርታችንን በሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማል።

"ቆይ እንጂ፣ ሁልጊዜ የሚነሳው የደጁ ሰው ነው?" አላት።

"አንተን ማስነሳት ቀላል ነው" አለችው ኢክራም። "ከአስኳሉ ሩቅ ነህ።"

"አስኳሉ ማነው?"

"ዩማ ናት።"

"እንግዲያ እራት መጨረሻ የሚደርሰኝ ለዚህ ነዋ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን የደጁ ሰው እያለ ይጠራ ነበር።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። እንዴት እንደመጣ እናንተም ሰምታችኋል፤ እኔ አልደግመውም። ፈተናው ቀረ። መብራትና ውሃ ጠፋ። እንግዶቼ አንድ በአንድ ወደ ገዳሪፍ ወጡ። አልጋዎቹ ባዶ ሆኑ። ጌታሁን ግን ዛሬ መንገዱ አይሆንም፣ ነገ ውሃ ላምጣላችሁና እሄዳለሁ እያለ ቀረ። ውስጥ ግባ፣ አምስት አልጋ አለልህ ብለው እንኳ ከደጁ አልወጣ አለኝ። በሩ አጠገብ መሆን እንደፈለገ ገብቶኛል። ሁለት ሴቶች ብቻችንን ነበርን።

ነገሩ የሆነው አንድ ቀን ጠዋት ነው። ተኩሱ ትንሽ ጋብ ብሎ ስለነበር ኢክራም ከዚሩ ውሃ ልትቀዳ ወደ ግቢው ወጣች። ዚር ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። አንድ ነገር ጣሪያውን አልፎ ሲፈነዳ ሰማሁ፤ ከዚያ የሸክላ መሰበር ድምፅ። ስወጣ ልጄ በተሰበረው ጋን መሃል ተቀምጣለች። ቀሚሷ ርሷል። ውሃው ነው ብዬ አሰብኩ።

"ዩማ፣ ዚሩን ሰበርኩት" አለችኝ።

የተሰበረው በእሷ አልነበረም። ፍንጣሪው ጋኑን አልፎ ጭኗ ውስጥ ገብቷል። ጌታሁን ከደጁ ሮጦ መጥቶ መዳፉን ቁስሉ ላይ ጫነ። ያን መዳፍ እስከ መጨረሻው አላነሳም።

ጎረቤታችን ፋርማሲ የነበረው ሰው በእጁ በቀረው ጨርቅ አሰረላት። ደሙ ግን በጨርቁ ብቻ አልቆም አለ። ከዚህ በላይ የማደርገው የለኝም፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለኝ። በደቡብ በኩል አንድ ሆስፒታል ክፍት ነው መባሉን ሰምቷል። ሲሸኘን ሁለት ነገር ነገረን፦ ቁስሉን የሚጫን እጅ ለአፍታም እንዳይነሳ፤ እንዲሁም እያናገርኳት እንድሄድ። "መልስ እስከሰጠችሽ ድረስ ተስፋ አለ" አለኝ።

ነዳጅ ስላልነበረ መኪና አይገኝም። ዓም ሲዲግ የሚባሉ ሽማግሌ በሰላሙ ጊዜ ውሃ ይሸጡበት የነበረውን የአህያ ጋሪ አመጡልን። ኢክራምን ፍራሽ ላይ አስተኛናት። ጌታሁን መዳፉን እንደጫነ ጋሪው ላይ ወጥቶ ተንበረከከ። እኔ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ያላ አሉ ሽማግሌው አህያዋን፤ ተነሳን።

ምን እንደማናግራት ጠፋኝ። ስሟን ብቻ ስጠራ ዓይኗ ይከደናል። ዱዓ ሳደርግ እያዳመጠች እንቅልፍ ይወስዳታል። ያን ጊዜ ጌታሁን፣ "እትዬ ዘሃራ፣ ይቁጠሩላት" አለኝ። "እንግዶቹን ይቁጠሩላት።"

ቆጠርኩ። ፖታሲየም፣ ከደጅ አንድ አልኩ። ካልሲየም፣ ከደጅ ሁለት። የተቃጠሉ መኪኖች ባሉበት መንገድ እየሄድን፣ ሱቆቹ ሁሉ ተሰብረው በር በሩ ላይ የተበተነ ጫማና ወረቀት እያየሁ፣ እኔ ስካንዲየም እላለሁ። እሷም ከኔ ጋር ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ክሮሚየም ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ከደጅ ሁለት፣ ከውስጥ አራት አልኩ። ወላሂ አስቤ አልነበረም፤ አፌ የለመደውን ነው ያልኩት።

ዓይኗን ገለጠች። "ላ፣ ዩማ። አምስት።"

ጌታሁን ሳቀ። ዓም ሲዲግ ሐበሾቹ በዚህ መሃል ምን ያስቃቸዋል ብለው ዞረው አዩን። እኔም ገባኝ። ትክክል ስናገር ዝም ትላለች። ስሳሳት ግን ልታርመኝ ትነቃለች። ዚንክ ላይ ስንደርስ ከፖታሲየም እንደገና ጀመርኩ። ያን ጊዜ ክሮሚየምንም መዳብንም አውቄ ተሳሳትኩ። ሁለቱንም አረመችኝ፤ ድምፅዋ ግን ሳሳ።

ሦስተኛውን ዙር ስንጀምር ፊቷ ነጥቷል። ክሮሚየም ላይ ተሳስቼ ረጅም ጠበቅሁ። በመጨረሻ አምስቱን ጣቷን ብቻ ዘረጋችልኝ። ማንጋኒዝ፣ ብረት፣ ኮባልት አልኩ። ኒኬል ላይ ስደርስ ጋሪው ቆመ።

ኬላ ነበር። በርሜልና ድንጋይ ደርድረው የታጠቁ ሰዎች መንገዱን ዘግተዋል። አንዱ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ሌላው ትልቅ ሰው። ልጁ ቀርቦ ምን እየቀራሁባት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቁርኣን መስሎታል። የኬሚስትሪ ትምህርቷ ነው፣ ኪሚያ ነው አልኩት። ኢክራምን አየ፤ ደሙንም አየ። "ዘንድሮ ተፈታኝ ነበረች?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እኔም" አለኝና ፊቱን አዞረ።

ትልቁ ሰው ግን ዓይኑ ጌታሁን ላይ ነበር። ሐበሻ መሆኑን ሲያውቅ ወረቀት ጠየቀው። ያለው የአገሩ መታወቂያ ብቻ ነበር፤ እሱም ቤት ቀርቷል። እዚህ ከነማን ጋር ሆነህ ልትዋጋ መጣህ አለው። እኔ እንግዳዬ ነው፣ ሲሚንቶ ነው የሚሸከመው፣ ቁስሉን ይዞልኝ ነው አልኩ። ሽማግሌውም ማሉለት። ሰውየው አልሰማንም። አለቃው እስኪመጣ ባዕዱ እዚህ ይቆያል አለ። እሱ ካልወረደ ደግሞ ጋሪው አያልፍም።

አለቃው መቼ እንደሚመጣ ጠየቅሁ። ዛሬ ወይም ነገ አለኝ።

ልጄን አየሁ። ጌታሁንን አየሁ። እሱ አልጠበቀኝም። የቀኝ እጄን ይዞ ወደ ቁስሉ አመጣው። መጀመሪያ መዳፌን በመዳፉ ላይ አደረገ፤ ከዚያ የራሱን ቀስ ብሎ ከስር ሳበ። "እዚህ ላይ። በክብደትዎ ይጫኑት፤ አይሳሱላት" አለኝ። እጁ እስከ አንጓው ቀይ ነበር።

"ልጄ፣ ተው" አልኩት።

"እትዬ ዘሃራ፣ እንግዳ አይነሳም ይሉ የለ?" አለኝ። "እኔን ማንም አላስነሳኝም። ራሴ ነኝ የተነሳሁት። ይሂዱ።"

ወረደ። መሬት ሲረግጥ በዚያ በቀይ እጁ አማተበ። ከዚያ ወደ ኢክራም ጎንበስ ብሎ፣ "ኬሚስቷ፣ እናትሽን አርሚያቸው እንጂ፤ ሊወድቁ ነው" አላት። ዓይኗ ተከድኗል።

ትንሹ ልጅ በርሜሉን ገፋልን። ጋሪው አለፈ። ስዞር ጌታሁንን ግድግዳ ስር አስቀምጠውታል። እጁን ሊያነሳልኝ ሲል ትልቁ ሰው አንድ ነገር ተናገረው፤ አወረደው። ከዚያ መንገዱ ታጠፈ።

የቀረው መዳብ ነበር።

"መዳብ" አልኩ። "ከደጅ ሁለት፣ ከውስጥ ዘጠኝ።"

ዝም አለች። ደጋገምኩት። መዳፌ ስር ያለው ሙቀት ብቻ ነበር የሚመልስልኝ። አላህን የለመንኩት በዚያች ሰዓት ብዙ ነገር አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተሻል እንድትለኝ ነበር። ዓም ሲዲግ አህያዋን መምታት ትተው ወርደው ጋሪውን ከኋላ መግፋት ጀምረዋል። ሲያለቅሱ ይሰማኛል።

"ኢክራም፣ መዳብ። ከደጅ ሁለት፣ ከውስጥ ዘጠኝ። አይደል?"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ላ" አለች። "ከደጁ ያለው... ይገባል። አሥሩ ይሞላል።"

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ አሁንም ትተነፍስ ነበር። እጄን ከቁስሏ ያላቀቀኝ ሐኪሙ ነው። ትንሽ ብትዘገዩ፣ ወይም ያ እጅ መንገድ ላይ ተነስቶ ቢሆን፣ አናገኛትም ነበር አለኝ። የኔ እጅ ነበር የመሰለው። የማን እንደነበር ነገርኩት፤ ግን ሌላ ቁስለኛ ጠርቶት ሄደ።

አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ተረፈች። አንድ እግሯን ታነክሳለች።

ሐኪሙ ተረጋግታለች ሲለኝ አጠገቧ ለተኛች በሽተኛ እናት እንድታይልኝ አደራ ብዬ ወደ ኬላው ተመለስኩ። በርሜሎቹ የሉም። ድንጋዮቹ መንገድ ዳር ተወርውረዋል። ከግድግዳው ስር፣ እሱ የተቀመጠበት ቦታ፣ ምንም አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ ግን አምስት ጣት ያለው የደረቀ ቀይ ምልክት ነበር። ሲነሳ ተደግፎት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ከእስር የተፈቱ ሰዎች ወዳሉበት ሁሉ ሄጃለሁ። በጀሪፍ በኩል ወንዙን ያሻገሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱንም ጠየቅሁ። ሐጅ ዩሱፍ ወደሚባለው ሰፈር ተሰድደን በነበረ ጊዜ ሐበሻ ባየሁ ቁጥር ስሙን እየጠራሁ እጠይቅ ነበር። አየሁት ያለኝ የለም። ሞቶ አየሁትም ያለኝ የለም።

አሁን ወደ ዴም ተመልሰናል። ከቤቱ ብዙ ነገር ተዘርፏል። ከአንገረቦቹ አንዱን ብቻ አገኘሁ፤ የደጁን ነው። ለምን እንደተዉት አላውቅም። ገመዱ በሱ ክብደት መሃል ላይ እንደረገበ ነው። አላጠበቅሁትም።

ኢክራም ፈተናውን ዘግይታ ተፈተነች፣ አለፈች። አሁን የሰፈሩን ልጆች ግቢያችን ውስጥ ታስጠናለች። ሰሞኑን ክሮሚየምና መዳብ ላይ ደርሳ ስታስረዳቸው ከውስጥ ሆኜ ሰማኋት። አልጋ አላለችም፤ ወንበር አለች። ከክፍሉ ውጭ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ የተቀመጠው ተነስቶ ይገባል አለቻቸው። አንዲት ልጅ ማን ያስነሳዋል ብላ ጠየቀቻት። ኢክራም ጠመኔውን አስቀምጣ እያነከሰች ወደኔ መጣችና ውሃ ጠየቀችኝ። ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጥታ ተመለሰች፣ ለልጅቷም መለሰችላት።

ምን ተለወጠብሽ ብትሉኝ እንዲህ ነው የምላችሁ። ድሮ እንግዶቼን የማሳድራቸው እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ማታ በሩን ስቆልፍ ስንት ሰው በኔ ጣሪያ ስር አደረ እል ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም። እዚህ ቤት ልጄ ስትስቅ በሰማሁ ቁጥር፣ እኔ ነኝ በሌላ ሰው ስፍራ ያደርኩት። ከሰላት በኋላ እጄን ስዘረጋ መጀመሪያ የምጠራው የሱን ስም ነው። እምነታችን ይለያያል፤ አላህ ግን እጁን ያውቀዋል።

ከእናንተ መካከል ከቆቦ ወዲያ ያለ አገር የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጇ ጌታሁን ሱዳን ገብቶ ድምፁ የጠፋባት እናት ካለች ይህን አንብቡላት። የት እንዳለ ልነግራት አልችልም። ልጅሽ ከጋሪው ሲወርድ አልተገፋም በሏት። የኔ ልጅ በሕይወት አለች፤ ጭኗ ላይ ጠባሳው ያለበትን ቦታ ተጭኖ የያዘው እጅ ያንቺ ልጅ እጅ ነው በሏት። መምጣት ብትችል የደጁ አልጋ አለ። ሌላ እንግዳ አላሳደርኩበትም።